ቦርሳው ተርሴስ ሄደ

ፖርቱጋል ደቡብ ጫፍ ላይ ፋሮ የምትባል ከተማ አለች። ስሟን መጀመሪያ ስሰማ በዓይኔ የመጣው ባሕሩ ወይም ፀሐይዋ አይደለም፤ ያደግኩበት ሰፈር ልጆች ናቸው። "የት ከርመህ መጣህ?" "ፋሮ።" "ፋራ?" በቃ፣ ዕድሜ ልክ የሚከተለኝ ስም ወጣልኝ ማለት ነው። ሌላዋ አማራጭ የስፔኗ ማላጋ ነበረች። እሷም ብትሆን የማላገጥ የሩቅ ዘመድ ትመስላለች። ፋራ ከመባልና ሲላገጥብህ ከመዋል ምረጥ ቢሉህ ምን ትመርጣለህ? እኔ ሁለቱም ደረሱኝ።

ነገሩ የጀመረው በጎልፍ ነው። ይህን ስል የሚስቅ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም እስቅ ነበር። ጀርመን አገር፣ አየር ማረፊያ ውስጥ የመንገደኛ ሻንጣ ስጭንና ሳወርድ 19 ዓመት ሆኖኛል። ጀርባዬ አልታዘዝ ሲለኝ ሐኪሙ "በእግርህ ሂድ" አለኝ፤ ይህን የሰማ የሥራ ባልደረባዬ ጎትቶ ጎልፍ ሜዳ ወሰደኝ። አሥራ ስምንቱን ጉድጓድ ለመጨረስ ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ይኬዳል። እንደ እኔ ኳሱን በየቁጥቋጦው ለሚያሳድድ ሰው ደግሞ አሥራ ሁለት።

ጀርመኖች መቼም ያለ ወረቀት አይሆንላቸውም። ጎልፍ ለመጫወትም ፈተና አለ፤ ፕላትስራይፈ ይሉታል። እንደ መንጃ ፈቃድ የጽሑፉም የተግባሩም አለው። የመኪናውን ፈቃድ በሁለተኛው ሙከራ ነበር ያገኘሁት፤ የጎልፉን በሦስተኛው። ከዚያ ሃንዲካፕ የሚሉት ቁጥር ይሰጥሃል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሰውየው የበቃ ነው። ከ54 በላይ አይኬድም። የእኔ 54 ነው።

ጎልፍ መጀመሬን ስነግራቸው ያልሳቁት ጋሼ ብቻ ናቸው። ጋሼ ከኛው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው። በልጅነታቸው አዲስ አበባ፣ ኦልድ ኤርፖርት ባለው የጎልፍ ክለብ የዲፕሎማትና የመኮንን ዱላ ተሸክመዋል። "ካዲ ነበርኩ" ሲሉ አነጋገራቸው "አምባሳደር ነበርኩ" እንደሚል ሰው ነው።

"ይሄ እኮ ገና ነው" አሉኝ ያን ዕለት። "ሩሯን በዱላ መምታት ነው። ልዩነቱ ተቃራኒ ቡድን የለውም፤ ሰው በራሱ ብቻ የሚሸነፍበት ገና ነው። ደግሞ በገና ጌታ አይቆጣም ይባላል አይደል? እዚህ የሚቆጣው ጌታው ነው። ዱላውን መሬት ላይ ይሰብርና ካዲው ላይ ይጮኻል።"

እንግዲህ በክረምት ጀርመን አገር ሜዳው ወይ ጭቃ ነው ወይ በረዶ። ያኔ የሰሜን ጎልፈኛ ሁሉ እንደ ሽመላ ወደ ደቡብ ይሰደዳል፤ መድረሻውም በአብዛኛው ከሁለቱ አንዱ ነው፦ የፖርቱጋሉ አልጋርቬ ወይም የስፔኑ ኮስታ ዴል ሶል። የአንዱ መግቢያ ፋሮ፣ የሌላው ማላጋ። እኔና ጋሼ የካቲት መጀመሪያ ላይ ለአምስት ቀን ልንሄድ ተስማማን። ወዴት የሚለው ግን ሦስት እሑድ ፈጀ።

እሑድ እሑድ ቡና የሚፈላው እኛ ቤት ነው። ባለቤቴ ወረቀት አምጥታ መሐሉ ላይ መስመር አሰመረች፤ ግራው ፋሮ፣ ቀኙ ማላጋ። ፀሐይ? ሁለቱም በዓመት ሦስት መቶ ቀን ይወጣልናል ብለው ያስተዋውቃሉ። የአውሮፕላን ዋጋ? የአሥር ዩሮ ልዩነት። ሜዳ? እዚህ ላይ ስፔን መራች። በዚያ የባሕር ዳርቻና አካባቢው ከ70 የሚበልጡ ሜዳዎች ስላሉ "ኮስታ ዴል ጎልፍ" እያሉም ይጠሩታል። ቫልደራማ የሚባለው ዝነኛው ሜዳ ከዚያው በስተ ምዕራብ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ጎልፈኞች የሚፋለሙበት ራይደር ካፕ በ1997 ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፓ ዋና ምድር የተካሄደው እዚያ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። አለቃቸው ስፔናዊው ሴቬ ባየስቴሮስ ሆኖ አውሮፓ በአንድ ነጥብ አሸነፈ። ግን የመጀመሪያው ቀን ጨዋታ ከባድ ዝናብ ጥሎ ዘግይቷል።

"የፀሐይ ዳርቻ ብላችሁ ዝናብ?" አሉ ጋሼ። "ይሰረዝ።"

"አንድ ቀን በዘነበ?" አለች ባለቤቴ። እሷ ራሷ አትሄድም፤ የሌሊት ተረኛ ናት። ልቧ ግን ማላጋ ነው። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ለነገሩ ቫልደራማ ለአንድ ዙር የሚጠይቀው በብዙ መቶ ዩሮ የሚቆጠር ነው። በዚያ ላይ 54 የሚል ወረቀት ይዞ እዚያ በር ላይ መቆም፣ በላስቲክ ጫማ ቤተ መንግሥት ግብር እንደ መግባት ነው።

ሁለተኛው እሑድ ነገሩ ወደ ታሪክ ዞረ። የሐበሻ ጨዋታ መቼም ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። "ፖርቱጋል ባለውለታችን ናት" አሉ ጋሼ። በ1541 የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫው 400 ነፍጠኛ ይዞ በምጽዋ ገብቷል፤ በዓመቱም ግራኝ ማርኮ ገድሎታል። "ሰው ልጁን ልኮ ሲሞትልህ ቢያንስ አገሩ ሄደህ ኳስ ትመታለህ።"

ባለቤቴ አልተበገረችም። "ስፔንስ ፓኤዝን ልካለች። የአባይን ምንጭ አይቶ የጻፈ ሰው ነው።"

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "እሱ አይደል ሱስንዮስን ካቶሊክ ያደረገው? ስንት ሕዝብ ነው በዚያ ጣጣ ያለቀው! ፋሲል እስኪነግሥ ድረስ አገር አልረጋም። አንዷ ነፍጥ ላከች ዳንን፤ አንዷ ቄስ ላከች ተፋጀን። ጻፊ፤ ፖርቱጋል አንድ ነጥብ።"

አራት መቶ ዓመት ያለፈው ጉዳይ በጎልፍ ወረቀታችን ላይ አንድ ነጥብ ሆኖ ተመዘገበ።

ሦስተኛው እሑድ ላይ የለየለት በአህያ ነው። አልጋርቬ ውስጥ ፔኒና የሚባል ሜዳ አለ፤ በ1966 የተከፈተ ነው። ቦታው ቀድሞ የሩዝ ማሳ፣ ውኃ የተኛበት ረግረግ ነበር። ሜዳውን የነደፈው የብሪታንያን ኦፕን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው እንግሊዛዊው ሄንሪ ኮተን ነው። ኮተን ሲያረጅ ኑሮውን እዚያው አደረገ፤ ሲጫወት ዱላውን የምትሸከምለት ፓሲፊኮ የምትባል አህያ ነበረችው። ይህን ከስልኬ ሳነብላቸው ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የተቀየሙ መሰለኝ።

"አህያ ካዲ?"

"አህያ ካዲ።"

"እንግዲህ የሥራ ባልደረባዬ ናት" አሉ በመጨረሻ። "ቤቷን ሳላይ አልሞትም። ፋሮ ቁረጥ።"

አንድን የዕረፍት ጉዞ ሦስት ሳምንት ሙሉ በዋጋ፣ በአየር ጠባይና በሥርወ መንግሥት መዝነን፣ የወሰነችልን አህያ ናት።

የተነሣነው ሰኞ ነው። ሰኞዋ የጾመ ነነዌ የመጀመሪያ ቀን መሆኗን ቲኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው ያየነው። ጋሼ እንደሆነ ሦስቱን ቀን አያላሉም። "ይሁን፣ ጎልፍ ፍስክ አይደለም" ብለው ዘጉት። የዱላ ቦርሳ ስላልነበራቸው ከዚያው ባልደረባዬ አሮጌውን ለመንኩላቸው። ከባድ ነበር። ምን እንደከተቱበት ስጠይቃቸው "መድኃኒቴ ነው" አሉኝ። የመድኃኒት ቤቱን መደርደሪያ ነቅለው የጫኑት ነው የሚመስለው።

ዕቃ ማስረከቢያው ላይ ሠራተኛዋ መለያ ወረቀቱን አሰረችበት። ፋሮ በአየር መንገድ አጠራር ሦስት ፊደል ናት፤ ኤፍ፣ ኤ፣ ኦ። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት።

"ፋኦ? የእርሻ ድርጅቱ? ልጄ፣ ዕቃዬን ለተባበሩት መንግሥታት ሰጠህብኝ?"

እየሳቅኩ ወደ ፍተሻው ወሰድኳቸው። ያን ጊዜ መሳቄን ትቼ ቦርሳውን አንዴ አገላብጬ ባየው ኖሮ ይህ ወግ አይኖርም ነበር።

ለሚያውቀኝ ሰው ሁሉ፣ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን ማኅበር አባላት ሁሉ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ከመብረራችሁ በፊት የድሮውን የሻንጣ መለያ ንቀሉ። ማሽኑ የሚያነበው በትር በትር የሆነውን ምልክት እንጂ ሐሳባችሁን አይደለም። አሮጌው ቀርቶ ከሆነ አሮጌውን ሊያነብ ይችላል። ይህን ሳስተምር 19 ዓመቴ ነው። ባልደረባዬ ባለፈው ዓመት ያን ቦርሳ ይዞ ማላጋ ሄዶ ነበር። ከታች፣ ከጎን ኪሱ ሥር፣ ኤ፣ ጂ፣ ፒ የሚል መለያው እንደተለጠፈ ነበር። ኤ፣ ጂ፣ ፒ ማላጋ ናት። በማንም አላሳብብም።

ፋሮ ደረስን። የእኔ ቦርሳ መጣ፤ የጋሼ አልመጣም። ተሸካሚው ቀበቶ ባዶውን ሲዞር ሲዞር ቆየና ቆመ። የጠፋ ዕቃ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና ፈገግ አለች፤ ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ፣ እኔም በሥራዬ ላይ እፈግገዋለሁ። "ማላጋ ነው ያለው። በሁለት በሦስት ቀን እናመጣዋለን።"

ጋሼ አልተቆጡም፤ ካባቸውን ሰብስበው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። "ዮናስ" አሉ።

"ምን አሉኝ ጋሼ?"

"ነነዌ ሂድ ሲባል ኢዮጴ ወርዶ በመርከብ ወደ ተርሴስ ኮበለለ። በገዛ ጾሙ ዕለት ቦርሳዬ ዮናስን ሆነ።"

ተርሴስ የት እንደነበረች ሊቃውንት ሲከራከሩባት ኖረዋል። ብዙዎቹ የዛሬዋ ደቡብ ስፔን ናት ይላሉ። ይህን ስነግራቸው ምንም አልደነቃቸውም፤ እኔ ግን ያን ሌሊት በደንብ አልተኛሁም። ባለቤቴ ስደውልላት ለረጅም ጊዜ ሳቀችና፣ "ቦርሳው ከእናንተ ይሻላል፤ የት እንደሚኬድ ያውቃል" አለችኝ።

እንጠብቅ አልኳቸው። "መድኃኒቴስ?" አሉ። የደም ግፊት አለባቸው፤ ምን እላለሁ? ማክሰኞ ጧት መኪና ተከራየንና ወደ ስፔን ነዳን። ከፋሮ ማላጋ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አገሩ ግን ደስ ይላል። ጥቅምት የተዘራች የምትመስል ለምለም ስንዴ፣ ብርቱካን፣ ያለ ቅጠል ነጭና ፈዛዛ ሮዝ አበባ የለበሰ ለውዝ። የአገሩ ተረት አንድ የሙስሊም ንጉሥ ከሰሜን ያመጣት ሚስቱ በረዶ ናፍቋት ብትታመምበት፣ ዳገቱን ሁሉ ለውዝ አስተክሎ አበባውን በረዶ አስመሰለላት ይላል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ "በረዶ የሚናፍቀው ሰው እኛ ጋ ይምጣ፣ የመኪናዬን መስታወት ይጥረግልኝ" አሉ። አልጋርቬ የሚለው ስም ራሱ ከዐረቦቹ የቀረ ነው፤ አል-ገርብ፣ ምዕራብ ማለት ነው። ከኛው ምዕራብ ጋር ሥሩ አንድ ነው።

ሁለቱን አገር የሚለየው ጓዲያና የሚሉት ወንዝ ነው። ድልድዩ በ1991 ነው የተከፈተው። ኬላ የለ፣ ፖሊስ የለ፤ ሰማያዊ ሰሌዳ ብቻ። ጋሼ ድንበር ያለ ወረቀት ማለፍ ዛሬም አልለመደላቸውም፣ ፓስፖርታቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። የቸገረን ግን ወረቀት አልነበረም። ስፔን በሰዓት ከፖርቱጋል አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ይህን አውቃለሁ፤ ከሥራዬ የተነሣ ከማንም በላይ አውቃለሁ። የመኪናው ሰዓት ግን የፋሮ ነበር፣ የጋሼ የእጅ ሰዓት ደግሞ የአዲስ አበባ ነው፤ ከአገር ከወጡ ጀምሮ አልነኩትም። ሴቪያ ላይ መንገድ ስተን አንድ ቀለበት አደባባይ አራት ጊዜ ዞርን። ሆኖም የመኪናው ሰዓት ከምሽቱ አንድ ተኩል ሲል ማላጋ አየር ማረፊያ በር ላይ ነበርን። የዕቃው ቢሮ የሚዘጋው በሁለት ሰዓት ነው። "ግማሽ ሰዓት አለን" አልኩ፤ እንዲያውም መኪናዋን ቀስ ብዬ አቆምኩ።

ቢሮው ጨልሟል። እዚያ አገር ሁለት ተኩል ነበር።

ማላጋ እንግዲህ አላገጠችብን። አንድ ርካሽ ማደሪያ አገኘንና ወደ ባሕሩ ወጣን። እዚያ አሮጌ ጀልባ ውስጥ አሸዋ ሞልተው እሳት ያነድዱበታል፤ ሰርዲኑን በሸምበቆ እየሰኩ ከፍሙ ጎን አሸዋው ላይ ይተክሉታል። ኤስፔቶ ይሉታል። ዓሣው ሲንጠባጠብ የሚያወጣው ጭስ፣ እውነቴን ነው፣ ሰው ያስለቅሳል። ጋሼ ዳቦ፣ ወይራና ቲማቲም አዘዙ፤ ከዚያ ወንበራቸውን አንሥተው ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ዞረው ተቀመጡ። "ሽታውም ጾም ያስፈታል" አሉ። እኔ ስድስት ሰርዲን በላሁ። አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ግን እያንዳንዷን ቆጥረዋታል።

ረቡዕ ጧት ቢሮው ሲከፈት በር ላይ ነበርን። ሰውየው ወረቀታችንን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እኛን አየ። ቦርሳው በማለዳው አውሮፕላን ወጥቷል። በሊዝበን በኩል። ወደ ፋሮ።

ከማላጋ የቀረኝ የጎልፍ ትዝታ አንድ ነው። አየር ማረፊያው አጠገብ በ1925 የተመሠረተ አሮጌ ሜዳ አለ። መኪናችንን ካቆምንበት ስንወጣ በአጥሩ ሽቦ መሐል አየነው። አንድ ሽማግሌ ኳሱን ሊመታ ሲያነጣጥር፣ አውሮፕላን ከራሱ በላይ ሲያልፍ፣ ሰውየው ንቅንቅ ሳይል። ጋሼ ሽቦውን ይዘው አዩትና "ወደ ቀኝ ትሄድበታለች" አሉ። ሄደችበት። ያን ጊዜ በምሬት ላይ ስለነበርኩ ልብ አላልኩትም። ከሰባ የሚበልጥ ሜዳ ባለበት ዳርቻ ሁለት ቀን ውለን ያየነው ይኸው ነው፤ በፔኒና ለረቡዕ የያዝነው ተራም በዚያው ቀን መኪና ውስጥ እንዳለን አለፈ።

ሐሙስ ቦርሳው ከኛ በፊት ደርሶ ፋሮ የጠፋ ዕቃ መስኮት ሥር ቆሞ ጠበቀን። ማደሪያችን ስንደርስ ጋሼ በሩን ዘግተው ዚፑን ከፈቱት። መጀመሪያ ፎጣ ወጣ። ከዚያ ሌላ ፎጣ። ከዚያ ካልሲ የለበሰ አንድ ነገር። ጀበና ነው። ከሥሩ ስድስት ሲኒ፣ የተቆላ ቡና፣ ዳቦ ቆሎ፣ አነስተኛ የዕጣን ማጨሻ። ዱላ ሦስት ብቻ ነው ያለው፤ የትልቁም አንገት ተሰብሯል። የጀበናዋ አንገት ጭረት እንኳ የላትም።

"መድኃኒቱስ?" አልኩ።

"ይኸውልህ" አሉ፣ ጀበናዋን እያሳዩኝ። ክኒናቸው ከሰኞ ጀምሮ ከካባቸው ኪስ አልወጣም ነበር።

ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር! ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት ቡናው ሸተተኝና ዝም አልኩ። ጾሙም ስለተፈታ እሳቸው በኤስፔቶ ፈንታ የአገሩን ዶሮ አዘዙ፤ ፒሪ ፒሪ የሚሉትን በሚጥሚጣ የተጠበሰ። ከኛ ሚጥሚጣ ጋር አነጻጽረው "ይሞክራሉ" አሉ።

ዓርብ ፔኒና ሄድን። የተረፈልን ትንሹ፣ ባለ ዘጠኝ ጉድጓዱ ሜዳ ነው። ከመኪና ስንወርድ ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ቆምን። ሽታው ነው። ኮተን ያን ረግረግ ውኃውን እንዲመጥለት ዛፍ በገፍ ተክሎበታል፤ ከተተከለውም ባሕር ዛፍ ይገኝበታል። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ነበር። ጋሼ አንድ ቅጠል አንሥተው በእጃቸው አሹትና አሸተቱት፤ ለእኔም ሳይሰጡኝ ኪሳቸው ከተቱት። መመዝገቢያው ላይ ያለችውን ልጅ "አህያዋ የት ተቀበረች?" ብለው አስጠየቁኝ። ልጅቷ ሁለት ጊዜ እንድደግምላት አደረገችኝ። አታውቅም።

መጀመሪያው ጉድጓድ ላይ "እርስዎ ይቅደሙ" አልኳቸው፣ ዱላውን ዘርግቼ።

አልተቀበሉኝም። ኳሱን አዩት፣ ሣሩን አዩት። "እኔ መትቼ አላውቅም እኮ" አሉ።

"ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?"

"ካዲ ነበርኩ አልኩህ እንጂ ተጫዋች ነበርኩ አልኩህ?" የዱላውን ጋሪ ከእጄ ወስደው ከኋላዬ ቆሙ። "ምታ።"

መታሁ። እንደ ሁልጊዜው ቁጥቋጦ ገባች። እሳቸው ግን የት እንደገባች ገና ሳትወድቅ አውቀው ጉዞ ጀምረው ነበር። በሦስት እርምጃ አገኟት። በዘጠኙም ጉድጓድ አንድ ኳስ አልጠፋብኝም፤ ይህ በሕይወቴ ሆኖ አያውቅም። ወደ ጉድጓዱ ስንቀርብ ቁጢጥ ብለው ሣሩን በአንድ ዓይን ያዩና "ሜዳ መስላህ እንዳትሸወድ፣ ወደ ግራ ትወርዳለች፤ አንድ ጫማ በቀኝ አስበልጥ" ይሉኛል። እንዳሉት ሳደርግ ይገባል። እንደገዛ ፈቃዴ ሳደርግ አይገባም፤ ያኔ ምንም አይሉም፣ ሰንደቁን ብቻ መልሰው ይተክላሉ። ሰባተኛው ላይ ተናድጄ ዱላውን ልወረውር ስል ዓይናችን ተገጣጠመ። ዱላውን በቀስታ ጋሪው ላይ መለስኩት።

ዘጠነኛው ላይ ጨረስን። ቆብ አውልቄ እጃቸውን ልጨብጥ ዘረጋሁ። እሳቸው ግን መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ነበር የዘረጉት።

"ስሙኒ" አሉኝ።

"እ?"

"የዘጠኝ ጉድጓድ ዋጋ ነው።"

ኪሴን ዳበስኩ። ያገኘሁት የሃምሳ ሳንቲም ዩሮ ነው። ተቀብለው አገላብጠው አዩትና ካባቸው ኪስ፣ ባሕር ዛፉ ጎን ከተቱት።

"መልስ የለኝም" አሉ፣ ጋሪውን እየጎተቱ ወደ መኪናው።